ያላየውን ለሚገዛ ሰው



በዛሬው ዝግጅታችን ከወትሮው ወጣ ብለን ስለ ራሳችን ሥራ ልናጫውታችሁ ወደናል። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኛ ከዚህ ማይክሮፎን ፊት የምንቀመጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህታችን ሆነን የምንመራት ትንሽ የድምፅ ዕቃዎች ሱቅ አለችን። ሱቅ እንበላት እንጂ መንገድ ዳር የተከፈተ በር የላትም፤ አንድ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍልና አንድ የቴሌግራም ገጽ ናት። ሞንታርቦ፣ አምፕሊፋየር፣ ሚክሰር፣ ማይክና ኬብል እንሸጣለን። ደንበኛው ዕቃውን በስልኩ ያያል፣ ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ይልካል፣ እኛም ለከተማው በሞተር፣ ለክፍለ ሀገሩ በአውቶቡስ ጭነን እንልካለን።

ይህን ርዕስ ያነሳንበት ምክንያት አለን። ዛሬ በየቤታችን አንድ ልጅ በስልኩ የሚሸጠው ነገር አያጣም። ጫማ የሚሸጥ አለ፤ ጅልባብ የምትሸጥ አለች፤ ከገጠር ማር አስመጥቶ የሚሸጥም አለ። ሁሉም ዕቃውን ከመሸጡ በፊት የሚያቀርበው ጽሑፍና ፎቶ ነው። ገዢው እጁን ዘርግቶ ሊዳስስ፣ አገላብጦ ሊያይ፣ «እስቲ ክፈተውና ልስማው» ሊል አይችልም። እንግዲያው ያቺ የጥቂት መስመር ጽሑፍና ያቺ ፎቶ የገዢው ዓይንም እጁም ጆሮውም ሆኑ ማለት ነው። እኛ ይህን የተረዳነው ዘግይተን፣ በሰው ገንዘብ ላይ ከተሳሳትን በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በገጻችን ላይ አንድ ማስታወቂያ አወጣን። «ኃይለኛ ሞንታርቦ! 3000 ዋት! ለመስጂድ፣ ለመድረሳ፣ ለሰርግ! ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ፎቶው ፋብሪካው ያዘጋጀው፣ የሚያብረቀርቅና ሰማያዊ መብራት የሚረጭ ነበር። ከደሴ ወዲያ ካለች ትንሽ ከተማ አንዲት እናት ደወሉልን። ሴቶቹ ተሰባስበው በየወሩ ከቡናቸውና ከጨዋቸው እየቆነጠሩ ለመድረሳው ድምፅ ማጉያ ሊገዙ ገንዘብ አጠራቅመዋል። «ለልጆቹ ነው፣ በግቢው ውስጥ ነው የሚቀሩት፣ ይበቃል ወይ?» ብለው ጠየቁን። እኛም «እንዴታ እናታችን፣ 3000 ዋት እኮ ነው!» አልናቸው። ዕቃው ተጫነ፤ ደረሰ።

ከሦስት ቀን በኋላ ተደወለ። ድምፁ ከመጀመሪያው ረድፍ አያልፍም። ሲጨምሩት ይሰነጠቃል። ያላቸው አሮጌ ማይክ ደግሞ መሰኪያው ውስጥ አልገባ አለ። እኛ መጀመሪያ «በደንብ አልገጠማችሁት ይሆናል» አልናቸው፤ ይህንንም ስንናገር አፍረን አልነበረም። እናታችን ዝም ብለው ካዳመጡን በኋላ፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የጻፋችሁት ካርቶኑ ላይ ያለውን ነው፤ እኛ የገዛነው ግን የእናንተን ቃል ነበር» አሉን። ቁጣ የለበትም፤ ያንን ንግግራቸውን ግን ለብዙ ጊዜ ልንረሳው አልቻልንም።

ገንዘባቸውን ከነመጓጓዣው መለስን። ዕቃው ተመልሶ ሲመጣ ጀርባውን ገልብጠን አየነው። ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ 40 ዋት ይላል። ካርቶኑ 3000፣ ጀርባው 40! እኛ ደግሞ ዕቃውን ስንረከብ ጀርባውን አይተነው አናውቅም ነበር።

አድማጮቻችን፣ በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበውን የገበያውን የእህል ክምር ታሪክ የማያውቅ ያለ አይመስለንም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን ወደ ክምሩ ውስጥ ሲያስገቡ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ባለቤቱ ዝናብ አግኝቶት ነው ሲላቸው፣ ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ገሠጹት፤ የሚያጭበረብር ሰውም ከእሳቸው ወገን አለመሆኑን ተናገሩ። እኛ ይህን ሐዲስ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለ እህል ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ በእኛ ሱቅ የክምሩ አናት ያ ሰማያዊ መብራት ያለው ፎቶ ነው፤ እርጥበቱ ደግሞ ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀት ነው። ያ ነጋዴ ቢያንስ እርጥበቱን ያውቀው ነበር። እኛ ግን እጃችንን ወደ ክምሩ አስገብተን አላየንም።

ያልታየ ዕቃ ስለመሸጥ ዑለሞቻችን በሰፊው ተናግረዋል። በሐነፊ መዝሀብ ገዢው ዕቃውን ባየ ጊዜ የመቀበል ወይም የመመለስ ምርጫ አለው፤ በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ጠበቅ ይላል። ዝርዝሩን ለባለሙያዎቹ እንተዋለን። የአገሩም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ አጻጻፉ ነው፤ ያን ዕለት ገጹን ሙሉ በሙሉ አውርደን እያንዳንዱን ዕቃ እንደገና ስንጽፍ የተማርነውን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዋት። የድምፅ ዕቃ ንግድ ትልቁ ውሸት ያለው እዚህ ላይ ነው ብንል አላጋነንም። በካርቶን ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚባለው ነው። ይህ ቁጥር ዕቃው ለቅጽበት፣ ምናልባትም ከሰከንድ እጅግ ባነሰች ጊዜ፣ ሊያወጣው ይችላል ተብሎ የሚታሰብ ኃይል ነው። ሁሉም የተስማማበት መለኪያ ስለሌለው እያንዳንዱ ሻጭ የወደደውን ይጽፋል። ሌላው አር.ኤም.ኤስ. ተብሎ የሚጻፈው፣ ዕቃው ሳይቃጠልና ሳይሰነጠቅ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። ለገዢው የሚጠቅመው ይኸኛው ነው። ይህ የማጋነን በሽታ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን ለቤት አምፕሊፋየሮች የዋት አጻጻፍ ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር። ሻጮች በአለካኩ ሁኔታ ላይ እየተጫወቱ ቁጥሩን ስለሚያሳድጉት በ2024 ደግሞ ደንቡን አሻሽሎ መለኪያው በ8 ኦም እንዲሆንና የድምፁ መዛባትም ገደብ እንዲኖረው አድርጓል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተለፋበት ቁጥር ነው እንግዲህ።

በሌላ በኩል እውነተኛው ዋት ብቻውን እንኳ ብዙ አይናገርም። ዋቱን እጥፍ ብናደርገው ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህ ጆሮ የሚለየው ቢሆንም «እጥፍ ጮኸ» የሚያሰኝ አይደለም። ለጆሯችን እጥፍ እንዲመስል ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ መጨመር አለበት፤ ይህም ዋቱን አሥር እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል። ስለዚህ ከዋቱ ጎን አንድ ሌላ ቁጥር እንጽፋለን፤ ድምፅ ማጉያው አንድ ዋት ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ያወጣል የሚለውን። ምሳሌ እንስጥ። አንዱ ድምፅ ማጉያ በአንድ ዋት 88 ዴሲቤል ያወጣል፤ ሌላው 98። ሁለተኛው በ10 ዋት የሚደርስበትን የመጀመሪያው የሚደርስበት በ100 ዋት ነው። እንግዲህ 100 ዋት የሚለውን አይቶ በእጥፍ ዋጋ የገዛ ሰው ምን አተረፈ?

ከዚህም ሌላ ርቀት አለ። በገላጣ ሜዳ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። የመድረሳው ግቢ ግድግዳ የለውም፤ ድምፁን የሚመልስ ነገር የለም። በአራት ማዕዘን ሳሎን ውስጥ ጆሮ የሚደነቁር ዕቃ ሜዳ ላይ ሲወጣ ሹክሹክታ ይሆናል። ለዚህ ነው አሁን በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር «ለዚህ ይበቃል፣ ለዚህ አይበቃም» የሚል አንድ መስመር የምናስገባው። ወንድማችን በመጀመሪያ «አይበቃም የሚል ቃል በማስታወቂያ ላይ ማን ይጽፋል?» ብሎ ተከራክሮን ነበር። አሁን ስልክ የሚያነሳው እሱ ስለሆነ ከሁላችንም ይበልጥ የሚወዳት ያችን መስመር ነው።

ሁለተኛው የመሰኪያ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የመስጂድ ኮሚቴዎች ልብ ብላችሁ አዳምጡን። ብዙ ኮሚቴዎች ከሚናራ ላይ የሚሰቀለውን የጥሩምባ ቅርጽ ያለውን ድምፅ ማጉያ ይጠይቁናል። ይህ ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በቀጥታ በ8 ወይም በ16 ኦም የሚሠራ ሲሆን ሌላው ውስጡ ትራንስፎርመር ያለውና ለ100 ቮልት መስመር የተዘጋጀ ነው። ከሩቅ ሲታዩ አይለዩም፤ በፎቶም አይለዩም። ትራንስፎርመር ያለውን ተራ አምፕሊፋየር ላይ ብትሰኩት ድምፁ ይሰልላል። የሌለውን በ100 ቮልት መስመር ላይ ብትሰኩት ደግሞ ይቃጠላል። ሌላም አለ። አራት ባለ 8 ኦም ጥሩምባዎችን ጎን ለጎን አንድ መስመር ላይ ያገናኘ ሰው አምፕሊፋየሩን 2 ኦም እያሸከመው ነው። ቢያንስ 4 ኦም ለሚፈልግ አምፕሊፋየር ይህ ከአቅሙ በላይ ነው። ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ዕቃው ላይሆን ይችላል፤ ጥፋቱ ይህን ሳይጽፍ የሸጠው የእኛ ነው።

የማይክም ነገር እንደዚሁ ነው። ዳይናሚክ የሚባለው ማይክ ሰክታችሁ ትናገሩበታላችሁ። ኮንደንሰር የሚባለው ግን ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሚክሰሩ የሚላክ 48 ቮልት። ያ 48 ቮልት በሌለው አምፕሊፋየር ላይ ቢሰካ ምንም ድምፅ አይሰጥም። ገዢው «የሞተ ማይክ ሸጡልኝ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ከማይኩ ስም ቀጥሎ የምንጽፈው ስለ ድምፁ ጥራት የሚያወራ ቅጽል ሳይሆን «48 ቮልት የሚሰጥ ሚክሰር ከሌለዎት ይህን አይግዙ» የሚለውን ነው። የመሰኪያውን ዓይነትም በስሙ ብቻ አንተወውም። ሦስት እግር ያለው ክቡ ነው? ወፍራሙ ጃክ ነው? እንደ ስልክ ማዳመጫው ቀጭኑ ነው? የገዢው ልጅ ቤት ያለውን አውጥቶ እንዲያስተያየው ፎቶውን እናያይዛለን።

ውጭ አገር ያሉ ወንድሞችና እህቶች የሚልኩት ዕቃም ወደ እኛ ይመጣል። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ 220 ነው። አንዳንዱ ከጀርባው መቀየሪያ አለው፣ አንዳንዱ ራሱ ይለያል፣ አንዳንዱ ግን በተሰካበት ቅጽበት ይጨሳል። ገመድ አልባ ማይክ ከሆነ ደግሞ የሚሠራበትን ሞገድ ከጀርባው አንብበን እንጽፋለን። በአሜሪካ ከ600 ሜጋኸርዝ በላይ ባለው ክልል የሚሠሩ አብዛኞቹ ገመድ አልባ ማይኮች ከሐምሌ 13 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሠሩ ተከልክለዋል። እዚያ ሥራ የፈታ ዕቃ ረክሶ ወደ ሌላ አገር ሊሻገር እንደሚችል ማሰብ ደግሞ አያስቸግርም። የረከሰበትን ምክንያት ገዢው ይወቀው።

ስለ ኦርጅናልና ፎርጅድ ስንነጋገር ቤታችን ውስጥ ብዙ ክርክር ነበር። ሹር የተባለው ኩባንያ ኤስ.ኤም. 58 የሚባለውን ማይክ ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ዛሬም በየመድረኩ ይታያል። የተመሳሰለውም በዚያው ልክ ብዙ ነው። እውነተኛው 298 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ሚዛን ገዝተናል። ሚዛኑ ግን ዳኛ አይደለም፤ አስመሳዩም ብረት ጨምሮ ማክበድ ይችላል። ታዲያ ከየት እንደመጣ የማናውቀውን ማይክ ምን ብለን እንጻፈው? «ኦርጅናል» ካልን ዋሸን። ዝም ካልን ስሙ ራሱ ይዋሽልናል። በመጨረሻ «ስሙ ተጽፎበታል፤ እውነተኛነቱን ግን ማረጋገጥ አልቻልንም» ብለን ጻፍንና ዋጋውን ዝቅ አደረግን። በእጃችን የነበሩት ሦስቱ እንዲህ ተብለው ተሸጡ። ከዚያ ወዲህ ግን ምንጩን የማናውቀውን ጨርሰን መረከብ ትተናል። መጀመሪያም መሆን የነበረበት ይኸው ነው።

ወደ ፎቶው እንምጣ። ፋብሪካው ያዘጋጀውን ፎቶ አንጠቀምም፤ ለአዲስ ዕቃም ቢሆን። እህታችን ጠዋት መስኮት አጠገብ ነጭ አንሶላ ትዘረጋለች፤ የስልኩን ፍላሽ ታጠፋለች፤ ምክንያቱም ፍላሹ የተጫረውን ቦታ ያነጣውና ይደብቀዋል። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ሁለቱን ጎኖች፣ ከጀርባ የተለጠፈውን ወረቀት በቅርብ፣ እንዲሁም ጉድለት ካለ ጉድለቱን ብቻውን ታነሳለች። ከዕቃው ጎን አንድ የቡና ሲኒ ታስቀምጣለች። ሲኒን የማያውቅ ቤት ስለሌለ መጠኑን ለመገመት ከሴንቲሜትር ይልቅ ይቀላል። (ሲኒውን ልግዛ ብሎ የጻፈልን ሰው እንዳለም አንደብቃችሁም።)

ድምፁንስ እንዴት እናሰማ? ይህ ከባድ ነው። በስልክ የተቀዳ ድምፅ በሌላ ስልክ ሲሰማ የሚሰማው የስልኩ ድምፅ እንጂ የሞንታርቦው አይደለም። ስለዚህ ቪዲዮው ዕቃው መሥራቱንና አለመንጫጫቱን ብቻ ያሳያል፤ ይህንኑም ከሥሩ እንጽፋለን። አንድ ወቅት ድምፁ ያማረ ቃሪእ የቀራውን ከፍተን እንቀዳ ነበር፤ ብዙ ሰው ይወድለታል፣ ዕቃውም ቶሎ ይሸጣል። አንድ ቀን ግን እህታችን «ሰው የወደደው ቲላዋውን ነው ወይስ ስፒከሩን?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ያን ተውነውና አሁን ወንድማችን ግቢ ውስጥ ቆሞ የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ እያነበበ እንቀዳለን።

ዋጋውን በተመለከተ «በውስጥ መስመር» የሚለውን ጨርሰን አስወግደነዋል። ይህ ልማድ ገበያውን ሞልቶታል፤ እኛም ለዓመታት ስንሠራበት ኖረናል። እውነቱን ተናገሩ ካላችሁን ጥቅሙ አንድ ነው፤ የጠያቂውን አነጋገር አይቶ ዋጋ ለመቁረጥ። ከከተማ ያለው ተከራክሮ ያስቀንሳል፣ ከገጠር የደወሉት እናት የተባሉትን ይከፍላሉ። አሁን ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው፤ ከጎኑም የተጻፈበትን ቀን እናኖራለን። ቀኑ ለምን አስፈለገ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተለዋውጦ ነበር። የቆየ ዋጋ አይቶ ገንዘብ የላከ ደንበኛ ቢመጣ ምን እናድርግ? ተመካክረን ገጹ ላይ ባለው ዋጋ ሰጠነው። ኪሳራችን ነበር፤ ገጹን ያላደስነው ግን እኛው ነን።

እንግዲህ ዛሬ የምንጽፈው ምን እንደሚመስል አንዱን እናንብብላችሁ። «ድምፅ ማጉያ፣ ያገለገለ፣ 12 ኢንች፣ አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ። የማያቋርጥ ኃይሉ 150 ዋት፤ ከጀርባው ከተለጠፈው ወረቀት የተወሰደ፣ ፎቶ 4። በ220 ቮልት ይሠራል፤ ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። ሁለት ማይክ ይቀበላል፣ ክቡንም ወፍራሙን ጃክም። ብሉቱዝ የለውም። ግራ ጎኑ ተጭሯል፣ ፎቶ 6። ለክፍልና ለትንሽ አዳራሽ ይበቃል፤ ለሜዳ አይበቃም። ክብደቱ 16 ኪሎ። በደረሰ በሰባት ቀን ውስጥ ከጻፍነው ከተለየ ከነመጓጓዣው እንመልሳለን።» ከዚያ ዋጋውና ቀኑ ይከተላል። «ኃይለኛ» የሚል ቃል የለበትም፤ የቃለ አጋኖ ምልክትም የለበትም።

ይህን ስናደርግ ምን ሆነ? የሚደውለው ሰው ቀነሰ። ይህን መደበቅ አይገባንም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ኪራይ መክፈል ቸግሮን ከዘመድ ተበድረናል። ከጎናችን ያለው ገጽ ያንኑ ዕቃ 3000 ዋት እያለ ሲሸጥ እያየን ሆዳችን አልባሰም ብንል ውሸት ነው። የሚደውለው ሰው ግን ዕቃውን አውቆት ነው የሚደውለው። «ፎቶ 6 ላይ ያየሁት ጭረት ጥልቅ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚመለስ ዕቃም፣ አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ጥቂት ሆኗል።

እኚያ እናታችንም በቀደም ደውለው ነበር። ለሌላ መድረሳ ነው፤ ሜዳ ላይ ነው። ያሉንን ዕቃዎች አንድ በአንድ ጠየቁን፤ የሚሆናቸው በእጃችን አልነበረም፤ የለንም አልናቸው። «ሲመጣ ጻፉት፣ አነበዋለሁ» ብለው ዘጉት።

መደርደሪያችን ላይ ደግሞ አንድ ባለ ስድስት መስመር ሚክሰር አለ። አራተኛው መስመር ይንጫጫል፤ እንደሚንጫጫም ጽፈነዋል። ሦስት ወር አለፈው። ወንድማችን «አራተኛውን በፕላስተር ሸፍነን ባለ አምስት መስመር ነው ብለን እንጻፍ» ሲል ቀልዶ አስቆናል። ባለፈው ማክሰኞ ዋጋውን በድጋሚ ዝቅ አድርገን ቀኑን ለውጠናል።

አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን ደርሷል። ስለ ድምፅ ዕቃ መሰኪያና ስለ መስጂድ ድምፅ ማጉያ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናነሳለን። እስከዚያው ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።